ባለቤቴን «እርስዎ» ያልኩበት ስብሰባ

ባለቤቴ ለአካባቢያችን ምክር ቤት በተመረጠበት ሳምንት ለንደን ውስጥ ቶተንሃም ያለን ሐበሾች እንደ ሠርግ ነው ያከበርነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችና የመስጊዱ ሰዎች ባንድ አዳራሽ ተቀመጡ። የክርስቲያን ሥጋ በአንድ ጠረጴዛ፣ የሙስሊም ሥጋ በሌላ፣ የጾም ምግቡ መሀል ላይ ተደረደረ። ቄሱ ባረኩ፣ ሐጂው ዱዓ አደረጉ። ቀጥሎም ሁላችንም «አባባ» የምንላቸው አንድ አረጋዊ ተነሥተው፣ «ስንት ዘመን ይሄን በር ስናንኳኳ ኖረን፣ ዛሬ ከውስጥ የሚከፍትልን ልጅ አገኘን» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ያላለቀሰው ባለቤቴ ብቻ ነው፤ በማግስቱ የማለዳ ሽፍት ስለነበረው ሰዓቱን በስርቆሽ ያይ ነበር።

የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ለንደን የመጣው ለትምህርት ነበር፤ አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ የሚከፍልለት ጠፋና ትምህርቱ መንገድ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ አውቶቡስ። አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ስለ ሹፌሮች እረፍት ሲከራከር የሰሙት የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች ወደ ፓርቲያቸው ወሰዱት። ደግሞ ፓርቲ ከመግባቱም በፊት ቤታችን ቢሮ ነበር ማለት ይቻላል። ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው ምክር ቤት፣ የጻፈለት ነገር ያልገባው፣ ቤኔፊት የሚሉት ድጎማ የተቋረጠበት፣ የሚኖርበትን ፍላት ሻጋታ የወረሰበት ሁሉ ወደኛ ይመጣል። ባለቤቴ ያነብለታል፣ ስልክ ይደውልለታል፣ ካስፈለገም አብሮት ይሄዳል። ሲመረጥ የተለወጠ ነገር ቢኖር «ካውንስለር» የሚል ስም መጨመሩ ነው። በዚህ አገር የምክር ቤት አባልነት የሚያኖር ደሞዝ የለውም፤ ትንሽ አበል ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ለሁለት ከፍሎ አውቶቡሱንም መንዳቱን ቀጠለ።

እኔ ኬረር ነኝ። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ቤት እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ።

የታክሱ ወሬ የተሰማ ዕለት ጠዋት እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፣ እሱ ደግሞ የሥራ ሸሚዙን ይተኩሳል። ራዲዮኑ መንግሥት አዲስ ነገር ማሰቡን ተናገረ። በዚህ አገር ቫት ነክቷቸው የማያውቅ ነገሮች አሉ፤ ዳቦ፣ ዱቄት፣ ወተት፣ ምስር፣ የልጆች ልብስና ጫማ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በነዚህም ላይ ሊከፈል ነው። የሚያነበው ሰውዬ ድምፁ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ለስላሳ ነበር። ባለቤቴ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደያዘ ቆመ።

«ሸሚዝህን ልታቃጥለው ነው» አልኩት።

አነሣው።

«ሰማህ አይደል?»

«ሰማሁ።»

«የናንተ መንግሥት ነው እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አገሩን የሚመራው የሱ ፓርቲ እስከዚያች ቀን ድረስ እቤታችን ውስጥ «የኛ ፓርቲ» ነበር የሚባለው። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ይጮኽ ጀመር። ከፓርቲው ነው፤ ሰው ሲጠይቅ ምን ብላችሁ መልሱ የሚል መልእክት። አንብቦ ስልኩን ኪሱ ከተተና ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

ከሥራ ስመለስ ወደ ጓደኛዬ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጓደኛዬ የወሎ ልጅ ናት። በሱዳን በኩል ብዙ አይታ ነው እዚህ የደረሰችው። የተዋወቅነው ለንደን እንደገባን ስደተኞች በሚያርፉበት ሕንፃ ጎን ለጎን ክፍል ተሰጥቶን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ናት። ዋናው ጎዳና ላይ ያለችው ሱቋ ጠባብ ነች። የጤፍ ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ ምስሩ ለኛ፣ ባሚያውና ፕላንቴን የሚሉት ትልቁ ሙዝ ለአፍሪካና ለካሪቢያን ጎረቤቶች፣ ትኩሱ የቱርክ ዳቦ ለሁሉም ነው። ስገባ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

«አንቺ፣ ባልሽ ምን ይላል?»

«ገና ምንም አላለም።»

«ወላሂ፣ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ዱቄት ጨመረ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ገና ሳይጨምር እኔን እንደ ሌባ ማየት ጀምረዋል። ታክሱን የሚያወጣው መንግሥት፣ ፊቱን የሚገረፈው ባለሱቅ!»

የተወለወለውን ሚዛን ደጋግማ ትወለውል ነበር። ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ነው ፍርሃትም እንደሆነ የገባኝ። ያቺ ሱቅ ብዙ ነገር አሳልፋለች። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በዙሪያዋ ሲከፈቱ፣ የቤት ኪራዩ ሲያሻቅብ፣ ወረርሽኙ ገብቶ ጎዳናው ሲዘጋ አልወደቀችም። ጓደኛዬ ግን ማንኛውም ትንሽ ነገር የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች።

«ከላይብረሪው አጠገብ ያለውን አዳራሽ ይዣለሁ» አለችኝ ወደ መጨረሻ። «ሐበሻውን ሁሉ ጠርቼ እንመክራለን። ባልሽም ይመጣል፤ ደውዬለት እሺ ብሏል። አንቺን ግን አልጠራሁሽም።»

«ለምን?»

«ታክሱ ይቀራል አይቀርም፣ አላህ ያውቃል። ትዳርሽ ውስጥ ግን እኔ እጄን አላስገባም። ከመጣሽ በራስሽ እግር ነይ።»

የዚያን ዕለት ምሽት ባለቤቴ እራቱን በልቶ ሳህኑን ካጠበ በኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። የጀመረው እሱ ነው።

«ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም። ስለ ዳቦው ሲያወሩ ነው የሰማሁት።»

«ላንቺ ሥራ ነው። ላንቺ አሮጊቶች።»

የሚለውን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከምጦራቸው መካከል አንዲት የጃማይካ ተወላጅ አሮጊት አለች። ነርስ ሆና የዚህን አገር ሕመምተኛ ዕድሜዋን ሙሉ አስታማለች። አሁን ጣቶቿ አይታዘዙላትም። ካውንስሉ ገንዘብ ሲያጥረው እሷ ጋ የምቆይበትን ጊዜ ቀነሱት፤ ካጠብኳት አበልቼ አልጨርስም፣ ካበላኋት ፀጉሯን ሳላበጥር እወጣለሁ። አንድ ቀን፣ «አንቺ ልጅ፣ ከኔ የምትሮጪው ወዴት ነው?» ብላኛለች። ወደ ሌላ አሮጊት ነው የምሮጠው፤ ይሄንን ግን አልነገርኳትም።

«እሺ፣ ገንዘብ ያስፈልጋል። ከዳቦ ነው የሚወሰደው? ሌላ ቦታ የለም?»

«አለ» አለ ባለቤቴ። «እዚያ ያለው ሰው ግን ጠበቃ አለው።»

«አንተስ ታምንበታለህ?»

«የማላምንበት ነገር በመጣ ቁጥር ጥዬ ብወጣ፣ የዚያን ሊፍቱ የተበላሸ ረጅም ሕንፃ ጉዳይ ማን ይዞ ይገባል? እናቶች ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ዓይኔ እያየ?»

ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም። እሱ ተኛ፤ እኔ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። በቋንቋችን ግብር ለመንግሥት የሚገባው ነው፤ ሹሙ ሕዝቡን ሰብስቦ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው፤ የሰው ሥራና ጠባዩም ግብሩ ይባላል። ድሮ ይሄን የቃል አጋጣሚ አድርጌ አይቼው ይሆናል። የዚያን ቀን ግን ቃሉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ነገር ያለ መሰለኝ። ገበሬው ግብር ያገባል፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ግብር ይበላል። የሚያገባውን ያህል እንደማይበላ ማንም ያውቃል፤ ቢሆንም ቃሉ አንድ መሆኑ ሹሙን ሳያሳፍረው አይቀርም። ባለቤቴ የሚለው ስለሚበላው ግብር ነው፤ ከዳቦው የተወሰደው አሮጊቷን ይጦራል። ጓደኛዬ የምትለው ስለሚገባው ነው። እኔ ሁለቱንም አምናቸው ነበር፤ ሁለቱን ማመን ደግሞ የትም አያደርስም። ተቃዋሚ ለመሆን የቆረጥኩት የተሻለ ክርክር ስላገኘሁ አይደለም። ያቺ አሮጊት ራሷ ዳቦ ትበላለች። የምትጦርበትን ገንዘብ ከገዛ ቁርሷ ላይ ይቆርሱባታል ማለት ነው። ይሄ አልዋጥልኝ አለ።

ስለዚህ በራሴ እግር ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናቶች፣ ከመስጊዱ የመጡ አባቶች፣ ሂትሮው አየር ማረፊያ በጽዳትና በምግብ ዝግጅት የሚሠሩ፣ ታክሲ የሚነዱ፣ ከነዩኒፎርማቸው የመጡም ነበሩ። ጓደኛዬ ስብሰባውን መራች። ሱቋ ውስጥ ስትጮህ ሰምቼ አውቃለሁ እንጂ በመድረክ ስትናገር አይቻት አላውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ሰውም ለመስማት ሲል ዝም አለ። «እኛ በዚህ አገር ጥገኛ ነን ብለን አንገታችንን ደፍተን ኖርን» አለች። «ግብር እንከፍላለን፣ ዜጋ ነን፣ እንመርጣለን። ለማይመቸን ነገር አይመቸንም ማለት ብልግና አይደለም።»

ከዚያ ባለቤቴ ተነሣ። ታክሱን የሚወስነው ፓርላማ እንጂ የአካባቢ ምክር ቤት እንዳልሆነ አስረዳ፣ ስለ አዛውንቶች እንክብካቤ ተናገረ። የሚናገረው እውነት ነበር፤ አነጋገሩ ግን የሱ አልነበረም። እኔ ባለቤቴ ሲናገር አውቃለሁ። ምሳሌ ይወዳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ መሀል ላይ ራሱን ያርማል። የዚያን ቀን ግን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ፣ ቃል በቃል የተሰጠውን የሚወጣ ተማሪ ሆነ።

በምርጫው ጊዜ ያለቀሱት አባባ ከፊት ወንበር ተነሡ። «ልጄ፣ እኛ በሩን ክፈትልን አልን እንጂ መልእክታቸውን ይዘህ ውጣልን አላልንህም።»

«አባቴ፣ እርስዎ ያሉት ይገባኛል፤ ነገር ግን...»

ጉምጉምታው ዋጠው። አንዱ ከኋላ፣ «ታዲያ የማትወስንበትን ምን አስከላከለህ?» አለ። ሌላው፣ «አበሉ ጣፍጦት ነው» አለ። ይሄኛው ሲባል እጄን አነሣሁ። ጓደኛዬ አየችኝ፤ ዓይኗ «ተይ» ይል ነበር። ዕድሉን ሰጠችኝ ግን።

«የተከበሩ የምክር ቤት አባል» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ባለቤቴም ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው።

«እርስዎን ከመረጡት አንዷ ነኝ። የምርጫ ወረቀትዎን በዝናብ ያደልኩትም እኔ ነኝ። አበል እንዳልጣፈጠዎት ኩሽናዎን አይቼ አውቃለሁ።» ሳቁ ባሰ። እኔ ግን የመጣሁት ለማሳቅ አልነበረም። እዚያ መሀል «አንተ» ብለው ኖሮ የቤት ጠብ ያስመስለው ነበር፤ ሰውም እንደ ቤት ጠብ ሰምቶ ይረሳው ነበር። የምጠይቀው ባሌን አልነበረም። «ፓርቲዎ የሚለውን ሰማን። አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። በዳቦና በልጅ ጫማ ላይ ታክስ መጣል፣ በእርስዎ በራስዎ ኅሊና፣ ልክ ነው?»

ባለቤቴ እጆቹን ከጠረጴዛው አነሣ።

«አይደለም» አለ። «ልክ ነው ብዬ አላምንም። ግን...»

እልልታው ቀለጠ። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ፣ አባባ ሄደው አቀፉት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ከ«ግን» በኋላ ብዙ ተናግሯል። እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ አንድም ቃል አልደረሰም።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ስንመለስ ፎቁ ላይ ከፊት ተቀመጥን። እሱ ሹፌር ስለሆነ ተሳፋሪ ሲሆን ፎቅ መውጣት ይወዳል።

«እርስዎ አልሽኝ» አለ፣ ወደ መንገዱ እያየ።

«ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም። ደነገጥኩ እንጂ። እውነቴን እንድናገር አደረግሽኝ።»

«መጨረሻ ላይ ምን ነበር ያልከው?»

«ተይው» አለ። «ሰው ደስ ብሎታል።»

ጓደኛዬና ሌሎቹ እናቶች ሥራ ጀመሩ። ከሱቁ ጀምረው ጎዳናውን እየዞሩ የተቃውሞ ወረቀት ላይ ሰው ሳይን አስደረጉ፣ የአካባቢያችን የፓርላማ አባል፣ ኤምፒው፣ ቀጠሮ ሲሰጥ ተሰልፈው ገቡ፣ ከቱርኮቹና ከጋናዎቹ ባለሱቆች ጋር ተባበሩ። እኔም በማርፍባቸው ቀናት አብሬያቸው ዞርኩ። አንዳንዱ በር ሲከፈት ሰዉ እኔን አይቶ፣ «የካውንስለሩ ሚስት አይደለሽ?» ይላል። ነኝ እላለሁ። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቤታችን አንድ ልብ የሆነ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በምክር ቤቱ ውስጥ ያለው ሌላኛው ፓርቲ፣ መንግሥት ታክሱን እንዲተው የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ከሥራ በቀጥታ ሄደን ሕዝብ የሚቀመጥበት ሰገነት ላይ ተደረደርን። በጋ ስለነበር በትልልቆቹ መስኮቶች ፀሐይ ይገባል። የውሳኔ ሐሳቡ በፈጣን እንግሊዝኛ ተነበበ፤ ዳቦ የሚለውን ቃል ስንሰማ እርስ በርስ ተነካካን። የሚደግፉ እጅ አወጡ። ባለቤቴ አላወጣም። ጓደኛዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። የሚቃወሙ ተባለ፤ የሱ ፓርቲ በሙሉ እጁን አወጣ። ባለቤቴ አሁንም አላወጣም። ድምፀ ተአቅቦ ሲባል በዚያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ከፍ አለ።

የውሳኔ ሐሳቡ ወደቀ። በሱ አንድ ድምፅ የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ እኛ ግን ያየነው ያንኑ አንድ እጅ ነው።

«ሁለት ባላ ተከለ» አለች ጓደኛዬ። አንዱ ቢሰበር በአንዱ ለመንጠልጠል ማለቷ ነው። እጄን ለቀቀችና ደረጃውን ወረደች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ከሁሉም ኋላ ወረድኩ፤ ከማን ጋር መሄድ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር።

እቤት ስንገናኝ፣ «ለምን?» አልኩት።

«ጠይቀሽኝ ነው ወይስ ፈርደሽብኛል?»

«ፈርጄብሃለሁ» አልኩት። እንደዚያ ነበር የተሰማኝ፤ ስለዚህ የነገረኝ ነገር የለም።

እጁን ከነሱ ጋር ስላላወጣ ፓርቲው ባለቤቴን ከቡድኑ አገደው። የኛ ሰው ደግሞ ከኛ ጋር ስላላወጣ ፊቱን አዞረበት። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ሲጠጣ ድሮ ሰው ይከበው ነበር፤ አሁን ሰላም ይሉትና ያልፋሉ። አባባ ብቻ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ እሳቸውም ስለ ጤናቸው እንጂ ስለ ሌላ አያወሩትም። ከሁሉም የከበደው ግን የበራችን ነገር ነው። የሚያንኳኳ ጠፋ። መጀመሪያ፣ «ጥሩ እረፍት ነው» አለ። ሁለተኛውን ሳምንት ደወሉ የተበላሸ እንደሆነ ብሎ ወጥቶ ራሱ ሲደውል ሰማሁት። ያን ጊዜ ንዴቴ ግማሹ በረደ። ግማሹ ግን ነበረ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ጀርባና ጀርባ የምንሆንበት ወቅት ነበር።

በመጸው መንግሥት ወደ ኋላ አለ። በየከተማው ሰው ተነሥቶ ነበር። የራሳቸው የፓርላማ አባላትም ፈሩ። ምግቡ በሙሉ ከታክሱ ወጣ፤ የልጆች ልብስና ጫማው ግን እዚያው ታክሱ ውስጥ ቀረ። ጓደኛዬ ሱቋን ከፍታ ለመጣው ሁሉ ቴምር አደለች። ቱርኩ ባለዳቦ ቤት መጥቶ ጨፈረ። ለኔም ቴምር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «አብሽሪ፣ አሸነፍን» አለችኝ። ባለቤቴን ግን አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ብዙም ሳይቆይ ከቢሮዬ ደወሉልኝ። ገንዘቡ ስላልተገኘ የእንክብካቤው ሰዓት እንደገና ይታያል ተባለ። ያቺ ጃማይካዊት አሮጊት የምሽቱን ጉብኝት አጣች። የነገርኳት እኔ ነኝ። ዳቦዋን እያላመጠች ሰማችኝና፣ «ታዲያ ማታ ማን መጋረጃዬን ይዘጋል?» አለች። ድሉን አልጠላሁትም፤ እስከ ዛሬም ትክክል ነበርን እላለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው «አሸነፍን» ሲል ማን ከፈለው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ለሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲው ዕጩዎቹን ሲያሳውቅ የባለቤቴ ስም አልነበረበትም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤታችን መጣች። የጫማዋን ክር እየፈታች ገና በሩ ላይ ሳለች፣ «ወንድሜ፣ አንተን አባረው ማንን ሊያስገቡ ነው?» አለችው።

«አንድ ወጣት ጠበቃ ነው። ጥሩ ልጅ ነው ይላሉ።»

ተቀመጠች። ሻይ አቀረብኩ፤ አልነካችውም።

«ያለ ፓርቲ፣ ኢንዲፔንደንት ሆነህ ተወዳደር። እኛ እንዞርልሃለን።»

ባለቤቴ ሳቀ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ሁለት ባላ የተከለ ሰው ትመርጫለሽ?»

እሷ አልሳቀችም። «ለምን እንደተከልክ ንገረኝ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም። ዛሬ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ነገራት። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የውሳኔ ሐሳቡ መጀመሪያ ታክሱን ይቃወማል፤ ከታች ግን በምትኩ የአዛውንቶች እንክብካቤ ወጪ እንዲቀንስ የሚል ነበረበት። ጮክ ተብሎ ተነቧል፤ እኛ ዳቦ ከሚለው በኋላ አልሰማንም። «ታክሱን ደግፌ እጄን ማውጣት አልቻልኩም፤ ለናንተ ልክ አይደለም ብያለሁ። ከሐሳቡ አቅራቢዎች ጋር ደግሞ እጄን ባወጣ የሚስቴን አሮጊቶች መሸጥ ነው። የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነግሬያችሁ ነበር፤ ታክሱን እቃወማለሁ፣ ግን ከሌላኛው ፓርቲ ጋር እጄን አወጣለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ ብዬ።»

ጓደኛዬ ያልነካችውን ሻይ ወደ ጎን አደረገችው። «እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ። ድምፅሽን የማላውቀው መሰለሽ?»

ስቃ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት። ለመወዳደር ግን እሺ አላላትም። ደክሞት ነበር፤ ደግሞ ያን ወጣት ጠበቃ አግኝቶት የሊፍቱን ጉዳይ፣ የሻጋታውን ቤት ሁሉ አስረክቦታል። ጓደኛዬ ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ፣ «አንቺስ? ፍርዱ ይግባኝ አለው?» አለኝ። ይግባኝ እንዳለው ነገርኩት።

በምርጫው ቀን ሦስታችን አብረን ወደ ድምፅ መስጫው ትምህርት ቤት ሄድን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ሰልፉ ላይ ያሉትን ሁሉ ሰላም አለ፤ ጥቂቶቹ እጁን ጠበቅ አድርገው ያዙት። ተራ በተራ ገብተን ወጣን። ውጭ ጓደኛዬ ጠበቀችን። ፊቷ ያበራል።

«አንተን መረጥኩ» አለችው።

«እንዴት አድርገሽ? ስሜ እኮ የለም።»

«ከታች ጻፍኩትና ምልክት አደረግኩበት።»

ባለቤቴ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። «ምን አደረግሽ! ድምፅሽ ተበላሸ እኮ! አይቆጠርም!»

«አይቆጠር።»

«አይቆጠር ማለት ምን ማለት ነው? ስንት ዘመን ነው ለሰው ስናስተምር የኖርነው? ወረቀቱ ላይ ከምልክት በቀር ምንም አይጻፍም እያልን!»

እስከ ሱቋ ድረስ የድምፅ አሰጣጡን ሕግ ከሀ እስከ ፐ አስረዳት፤ እጁን እያወናጨፈ፣ ምሳሌ እየሰጠ፣ መሀል ላይ ራሱን እያረመ። እሷም «እሺ፣ እሺ ወንድሜ» እያለች አጠገቡ ትሄዳለች። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። የሱቁን በር ከፍታ ስትገባ እሱም ተከትሏት ገባ፤ ገና አልጨረሰም ነበር።